ከመዝገቡ እስከ መበየጃው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠናል። ትምህርትና የሙያ ሥልጠና ለሁሉም ይዳረስ የሚለው ፖሊሲ መሬት ሲወርድ የት ላይ እንደሚሰናከል የሚጠይቁ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የላኪዎቹን ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ተፈትና 50 ከመቶ አልሞላላትም። ፖሊቴክኒክ ትግባ ይሉኛል፤ ነገር ግን ባሕር ዳር የምታርፍበት ዘመድ የለኝም። ከእንግዲህ ልጅቷ እቤት መቅረቷ ነው? (እናት፣ ከደቅ ደሴት)

መልስ፦ አትቀርም፣ እናታችን። መጀመሪያ ወቀሳው ይቅር። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው ልጅዎ የቆመችበት ቦታ ላይ ነው።

ሁለት በሮች አሉ። አንዱ ሪሚዲያል ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ላልሞላላቸው የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት ማለት ነው። የመቁረጫ ነጥብ ሲወጣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ተደርጎ ለብቻው የወጣባቸው ዓመታት ስላሉ፣ የወንዶቹን ቁጥር ብቻ ሰምታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሌላው ቴክኒክና ሙያ ነው። የመግቢያ መስፈርቱን የክልሉ ቢሮ በየዓመቱ ያወጣል፤ ማስታወቂያው ኮሌጁ በር ላይ ይለጠፋል፤ የምዝገባው ጊዜም አጭር ነው። ደሴት ላይ ሆኖ ወሬው እስኪደርስ መጠበቅ ብዙዎችን አስቀርቷል። ከተማ የሚመላለስ የጀልባ ሠራተኛ ወይም የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ማስታወቂያውን በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ሰነዱን ቀድማችሁ አዘጋጁ። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይያዙ፤ ከሁሉም ሦስት ሦስት ኮፒ ይኑር። ከዚያ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሟን በየፊደሉ አስተያዩት። በአንዱ «ኃይሌ»፣ በሌላው «ሃይሌ» ተብሎ የተጻፈ የአያት ስም ተመዝጋቢን ከመስኮቱ ሲመልስ በየዓመቱ ይታያል። ማረሚያው የሚገኘው ካርዱን የሰጠው ትምህርት ቤት ነው። እሱ ደግሞ ያለው ደሴቱ ላይ ስለሆነ ባሕር ዳር ደርሳችሁ ስሕተት ካገኛችሁ የሁለት ቀን መንገድ ጨመራችሁ ማለት ነው። የፋይዳ ምዝገባም በዚያው ስም ይሁን።

ማረፊያን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ የሙያ ኮሌጆች እንደ ዩኒቨርሲቲ መኝታና ምግብ አይሰጡም። ከገጠር የሚመጡ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቅም ከቤት ይመጣል። ሥልጠናዋ ነጻ ቢሆን እንኳ ኪራዩ፣ ስንቁና ጀልባው ነጻ አይደሉም። ሴት ልጆች የሚያቋርጡትም ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን ኪራዩ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ስትመዘገብ የኮሌጁን የሥርዓተ ፆታ ክፍል በቀጥታ ትጠይቅ፦ ለችግረኛ ሴት ሠልጣኞች የኪስ ገንዘብ፣ የሞዴስ ወይም የቤት ኪራይ ድጋፍ አለ ወይ? ድጋፉ ሲኖር የሚደርሰው ቀድመው ስማቸውን ላስመዘገቡት ነው። ከቀበሌ የሚጻፍ የችግረኛነት ማስረጃ ይጠየቃልና እሱንም ከደሴቱ ሳትወጣ ትያዝ።

ጥያቄ፦ በኮሌጃችን ከሠልጣኙ ግማሹ ሴት ነው። ሪፖርታችንም ይህንኑ ይላል። ታዲያ ፍትሐዊነቱ ተረጋግጧል ብሎ መዝጋት አይቻልም? (አሠልጣኝ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ አይቻልም። የምዝገባ ቁጥር የሚናገረው ስለ በሩ ነው፤ ከበሩ በኋላ ያለውን አያውቅም። በሴትና በወንድ መካከል ያለውን ንጽጽር የምንለካበት ጥምርታ (የሴቶቹ ቁጥር ለወንዶቹ ሲካፈል) ከ0.97 እስከ 1.03 ሲሆን «እኩል» ይባላል። የእናንተ ምዝገባ እዚያ ውስጥ ይገባል። ይኼው ጥምርታ ግን በየእርከኑ መሠራት አለበት፦ በገቡት፣ በጨረሱት፣ ለብቃት ምዘና በቀረቡት፣ ብቁ በተባሉት፣ ከስድስት ወር በኋላም በሙያው በሚሠሩት።

ለምሳሌ ያህል 40 ሴትና 40 ወንድ ገቡ እንበል። ሥልጠናውን 31 ሴትና 36 ወንድ ጨረሱ። ለምዘና 26 ሴትና 35 ወንድ ቀረቡ። ብቁ የተባሉት 15 ሴትና 27 ወንድ ናቸው። በስድስተኛው ወር በሙያው ላይ የተገኙት 6 ሴትና 19 ወንድ። መነሻው ላይ 1 የነበረው ጥምርታ መጨረሻው ላይ 0.32 ሆነ። ሪፖርቱ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ስለሚጽፍ ማንም አልዋሸም፤ እውነቱም አልተነገረም።

እያንዳንዱ መስመር የራሱ ምክንያትና የራሱ መድኃኒት አለው። ከጨረሱት ለምዘና ሳይቀርቡ የቀሩት አምስት ሴቶች (ከወንድ አንድ ብቻ ነው) ብዙ ጊዜ የምዘናው ቀን ሥልጠናው ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ስለሚውል ነው። ኪራይ የጨረሰችው ልጅ ወደ አገሯ ገብታለች፤ ቀኑ ሲነገር መረጃው አይደርሳትም፣ ቢደርሳትም ትራንስፖርቱ የለም። ይህን ለማስተካከል ምዘናው ሥልጠናው ባለቀ በዚያው ሳምንት እንዲያዝ ከምዘና ማዕከሉ ጋር ቀኑን ቀድሞ መቁረጥ ይበቃል።

ብቁ ሆነው ሥራ ላይ ያልተገኙት ዘጠኙ ጉዳይ ከኮሌጁ አጥር ውጭ ነውና ለሌላ ዕትም እናቆየው። እኛ እዚህ መቆየት የምንፈልገው ወርክሾፑ ውስጥ ነው። ብየዳን እንውሰድ። 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤሌክትሮድ (እየነደደ ብረቱን የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ) በ5 ኪሎ ፓኮ ውስጥ 150 ገደማ ይሆናል። ለ25 ሠልጣኝ አንድ ፓኮ ቢመደብ ለያንዳንዱ ስድስት ይደርሳል። አንዱ ኤሌክትሮድ ነድዶ የሚያልቀው በአንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ አንድ ሠልጣኝ ከፓኮው የሚያገኘው ትክክለኛ የብየዳ ጊዜ ሰባት፣ ቢበዛ ስምንት ደቂቃ ነው። ያውም በእኩል ከተከፈለ። በተግባር ግን ቀድሞ መያዣውን የጨበጠው ልጅ አሥራ አምስት ያቃጥላል። ልጅቷ ላሜራውን ትይዝለታለች፣ ስላጉን (ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት) በመዶሻ ታራግፋለች፣ በመጨረሻም ወርክሾፑን ትጠርጋለች። ማንም «አትበይጂ» አላላትም። ምዘና ላይ ግን ከእሷ የሚፈለገው የተበየደ መስመር ነው።

በዚህ ላይ ጓንቱ አለ። የወርክሾፕ ጓንትና የደኅንነት ጫማ የሚገዛው በወንድ ልክ ነው። እጇን የሚውጥ ጓንት ያደረገች ልጅ መያዣውን አጥብቃ መጨበጥ ስለማትችል ኤሌክትሮዱን ከብረቱ በእኩል ርቀት ይዛ ለመሄድ ትቸገራለች፤ ሲቀርብ ይጣበቅባታል፣ ሲርቅ ብረቱን ይቦረቡረዋል፣ ፍንጣሪም ይበዛል። አሠልጣኙ «እጇ አልጸናም» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑም ሊመረመር ይገባዋል። ለ3.2 ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 130 አምፒር ያስፈልጋል፤ አራት ማሽን በአንድ መስመር ላይ ሲነሣ ኃይሉ ይወርድና መደወያው 110 እያሳየ ኤሌክትሮዱ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ያኔ ጥፋቱ የሠልጣኟ አይደለም።

ማስተካከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ኤሌክትሮድ በፓኮ ሳይሆን በነፍስ ወከፍ ተቆጥሮ ይሰጥ፤ ያቃጠለችውን ጫፍ (ቁራሹን) ስትመልስ ቀጣዩን ትውሰድ። በየሠልጣኙ ስም የተግባር ልምምድ መዝገብ ይኑር፤ ቀን፣ የኤሌክትሮድ ብዛት፣ የተሠራው ቁራጭና የአሠልጣኝ ፊርማ ይኑርበት። ቡድኑ ከአራት አይብለጥ፤ ማሽኑም በሰዓት ይዙር። የጓንትና የጫማ ግዥ ሲጠየቅ ዝርዝሩ ላይ ለጓንቱ ትንሽ ልክ፣ ለጫማው 37፣ 38 እና 39 ቁጥር በግልጽ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የግዥ ክፍሉ 42 ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። «ግማሽ ሴት» የሚለው ቁጥር በየዘርፉ ሲበተን ሌላ መልክ ይወጣል። ልብስ ስፌትና ፀጉር ሥራ ላይ ሴቶቹ፣ አውቶ መካኒክና ኤሌክትሪክ ላይ ወንዶቹ ተከማችተው አማካዩ ግማሽ በግማሽ ሊሆን ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ የፈቀደው ከወንዶች ጋር በእኩልነት ተወዳዳሪና ተሳታፊ እንዲሆኑ ነው። የሴቶች ኮታ በኮሌጅ ደረጃ ሳይሆን በየዘርፉ ቢቀመጥ ለዚህ ሐሳብ ይቀርባል እንላለን።

ጥያቄ፦ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ሁለት ሠልጣኞች ከኮሌጅ ሊመደቡልኝ ነው፤ አንዷ 16 ዓመቷ ነው። ሌላም የጎረቤት ልጅ ሥራ አስተምረኝ ይለኛል። ሕጉ ምን ያስገድደኛል? (ባለ ወርክሾፕ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ አያደባልቋቸው። ከኮሌጅ የሚመጡት በትብብር ሥልጠና ነው። በሥልጠና ስልቱ 70 ከመቶው ተግባር በድርጅት፣ 30 ከመቶው ንድፈ ሐሳብ በኮሌጅ እንዲሆን ታቅዷል። ኮሌጁ፣ እርስዎና ሠልጣኙ የምትፈርሙት ስምምነት ይኖራል። ሳይፈርሙ አይቀበሉ። ስምምነቱ ውስጥ ሦስት ነገሮች መኖራቸውን ይዩ፦ የትኞቹ የሙያ ክፍሎች እርስዎ ጋር እንደሚሠለጠኑ፣ አደጋ ቢደርስ ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን፣ ከኮሌጅ የሚመጣው ተቆጣጣሪ በየስንት ጊዜው እንደሚያይ። የመጀመሪያው ካልተጻፈ ሠልጣኙ ሁለት ወር ሙሉ ሻይ ሲያመጣና ቱቦላሬ ሲሸከም ይከርምና ምዘና ላይ ይወድቃል።

የጎረቤትዎ ልጅ ጉዳይ የሙያ ልምምድ ውል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ የሙያውን ዓይነትና የቆይታውን ጊዜ፣ በልምምዱ ወቅት የሚከፈለውንና የሥራውን ሁኔታ ይገልጻል። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት ሠራተኛ የቀን ሥራ ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በበዓል ቀን ማሠራት አይቻልም። የበዓል ዋዜማ ላይ የበርና የመስኮት ትዕዛዝ ሲበዛ ይህ ነው የሚጣሰው።

ስለ ልጅቷ አንድ ምክር። ከወርክሾፑ ጀርባ ሽንት ቤት ከሌለ ሴት ሠልጣኝ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ «አመመኝ» ብላ ትቀራለች። የሚዘጋ በር ያለው ሽንት ቤት ያዘጋጁ፤ ወይም ከጎረቤት ሆቴል ጋር ይስማሙ። ወሲባዊ ትንኮሳም በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው፤ ለሠራተኞችዎ ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት በግልጽ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ እኛ የነገደ ወይጦ ልጆች የደንገል ታንኳ እያበጀን፣ ጀልባ እየጠገንን ነው ያደግን። እንጨት ሥራ ከአባቴ ተምሬ 11 ዓመት ሠራሁ፤ ትምህርቴ ግን 4ኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ወረቀት ስለሌለኝ ማኅበር ስንደራጅ ወደ ኋላ እቀራለሁ። (ወጣት፣ ከሐይቁ ዳር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የብቃት ምዘና (በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው) የሚመዝነው ሙያውን ነው፤ የት እንደተማሩት አይደለም። ከአባት፣ ከጎረቤት፣ ከሥራ ላይ የተማረም መመዘን ይችላል። ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች በመሆናቸው ነው ዕድሉ የሚባክነው።

መጀመሪያ ለሙያው የሙያ ደረጃ (የምዘና መስፈርት) መውጣቱን ይጠይቁ፤ ደረጃ ያልወጣለት ሥራ አይመዘንም። ታንኳ ማበጀትን ብለው ከሚጀምሩ በእንጨት ሥራ ቢጀምሩ ይሻላል። ከዚያ ደረጃ 1 ወይም 2 ውስጥ ያሉትን የብቃት አሐዶች ዝርዝር ያስነብቡ። የ11 ዓመት ባለሙያ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እጁ ስለማይችል ሳይሆን፣ የማያውቀው የመለኪያ ስም ወይም የደኅንነት ደንብ ስለሚጠየቅ ነው፤ ልኬትን በሚሊ ሜትር ማንበብ፣ ንድፍ ማየት፣ የመከላከያ መነጽር ማድረግ። ይህ የሁለትና ሦስት ሳምንት ማሟያ ነው። ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለውና ንባብ ከከበደዎ ጥያቄው እንዲነበብልዎ ሲመዘገቡ አስቀድመው ያመልክቱ፤ በዕለቱ ቢጠይቁ አይመችም። «ገና ብቁ አይደለም» ቢባሉም ሁሉም ከዜሮ አይጀመርም፤ የጎደለው የቱ እንደሆነ መዛኙን ጠይቀው በጽሑፍ ይውሰዱ።

ለትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድ ቃል፦ የዚህን ማኅበረሰብ ልጆች ከክፍል የሚያባርረው ድህነት ብቻ አይደለም፤ ስድብም አለበት። ስም ማውጣትን እንደ ጨዋታ ማለፍ መምህሩን ከተሳዳቢው ጋር ያቆመዋል። በትምህርት ቤቱ የሥነ ምግባር ደንብ ላይ በግልጽ ተጽፎ እንደ ድብደባ ይቆጠር።

ጥያቄ፦ የወረዳ በጀት ባለሙያ ነኝ። ለትምህርት ቤቶች ድጎማ የምናከፋፍለው በተማሪ ብዛት ነው። ይህ ራሱ ፍትሐዊ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ለሒሳብ ቀላል ነው፤ ለደሴት ትምህርት ቤት ግን ከባድ። በምሳሌ እንየው። በአንድ ተማሪ 100 ብር ቢሰጥ 900 ተማሪ ያለው የከተማ ትምህርት ቤት 90,000፣ 90 ተማሪ ያለው የደሴት ትምህርት ቤት 9,000 ብር ያገኛል። ሁለቱም ግን እኩል አንድ ሰሌዳ በየክፍሉ፣ አንድ የውኃ ታንከር፣ አንድ የቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ይፈልጋሉ። ለደሴቱ ሲሚንቶውም መጽሐፉም በጀልባ ይጫናል።

ቀመሩን እንዲህ ብትቀይሩትስ፦ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት 15,000 ብር መነሻ፣ በተማሪ 80 ብር፣ ለደሴትና መንገድ ለሌለው ቦታ በጠቅላላው ላይ 20 ከመቶ ጭማሪ። የከተማው 87,000፣ የደሴቱ 26,640 ብር ይሆናል። ድምሩ 113,640 ነው። በጀቱ ከ99,000 ካልተነሣ ሁለቱንም በእኩል መጠን ዝቅ ስታደርጉ የከተማው 75,800፣ የደሴቱ 23,200 ገደማ ይደርሳል። የከተማው 16 ከመቶ ያህል አጥቷል፤ የደሴቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ አግኝቷል። የከተማው ወላጅ ኮሚቴ ይህን ሲሰማ ዝም አይልምና ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ቀድማችሁ አሳዩአቸው።

ገንዘቡ ብቻውን መምህር አያቆይም። የመምህር ቤት በሌለበት ደሴት መምህሩ ዓርብ ጀልባ ይዞ ይወጣና ማክሰኞ ይመለሳል፤ ተማሪው በሳምንት ሁለት ቀን ያጣል። ከጭማሪው የመጀመሪያው ብር ለመምህር መኖሪያ ጣሪያ ቢውል እንመርጣለን። ከዚያ ቀጥሎ ሽንት ቤት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪ አንድ መቀመጫ ይላል፤ ለ90 ተማሪ ግማሹ ሴት ቢሆን ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ውስጥ ውኃና የሞዴስ መጣያ ይኑር። የዘጌን የቡና ለቀማ የመሰለ የልጅ ጉልበት የሚሻ ወቅት ባለበት ቀበሌ ደግሞ የፈረቃ ሰዓቱን ማሸጋገር ብር አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ዊልቸር የሚጠቀም ሠልጣኝ ተመድቦልናል። ወርክሾፑ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ሁለት ሜትር ጣውላ አጋድመንለታል። (የኮሌጅ ምክትል ዲን)

መልስ፦ ጣውላውን ዛሬውኑ አንሡት። የሁለት ሜትሩ ጣውላ በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ስለሚሆን ሲወጣ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ሲወርድም መቆጣጠር አይችልም። የተለመደው ልክ 1 ለ12 ነው፦ ለ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 7.2 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ። ቦታ ካጠረ መሐሉ ላይ 1.5 ሜትር ማረፊያ ሰጥታችሁ አጥፉት። ስፋቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር፣ ዳር ዳሩ ጎማው እንዳይወጣ 10 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ፣ ሲሚንቶው ሻካራ ይሁን፤ በክረምት ለስላሳ ሲሚንቶ ያንሸራትታል። የበሩ ክፍት ስፋት ከ80 ሳንቲ ሜትር አይነስ። የሥራ ጠረጴዛው ሥር ጉልበቱ እንዲገባ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ።

የአገሪቱ የሕንፃ ሕግ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ያዛል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ ሠልጣኙ ለትብብር ሥልጠና ሲመደብ ወደ ድርጅቱ ከመላካችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱና በሩንና ሽንት ቤቱን ለኩ።